ሽማግሌ መሆን የተከለከለ ሽማግሌ

የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። የመንግሥት ቴአትር ቤት ተዋናይም እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ደረጃና እርከን አለው፣ ጠዋት የሚፈርምበት መዝገብ አለው፣ ሲቀር ይቆረጥበታል። ስለዚህ እሱም 60 ሲሞላው አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ጋቢና ጥቂት ጭብጨባ ተሰጥቶት ይሸኛል። እስከዚህ ድረስ ሕግ ነው፤ ከሕግ ጋር አልካሰስም። የሚያንገበግበኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

እኔም ተዋናይ ነበርኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን አዲስ ተውኔት ልይ ብዬ ገባሁ። ታሪኩ ውስጥ ሰባን የተሻገሩ አዛውንት አሉ። አዛውንቱን የሚጫወተው ልጅ ሠላሳ አልሞላውም። ፀጉሩ ላይ ዱቄት ነፍተውበታል። ከዘራ ተደግፎ ይጎብጣል፣ ያቃስታል፣ ያስላል፤ ባሳለ ቁጥር ዱቄቱ ቦን ብሎ የፊት ረድፍ ላይ ያርፋል። እኔ ደግሞ ያለ ዱቄት የሸበትኩት፣ ሳልለማመድ ጉልበቴን የሚቆረጥመኝ፣ ትኬቴን ገዝቼ እዚያው ፊት ረድፍ ተቀምጬ ኮቴን አራግፋለሁ።

በልጁ አልፈርድም። እኔም በጎረምሳነቴ ዱቄት ተነፍቶብኛል፤ እኔም እንዲሁ እየጎበጥኩ አስል ነበር። ማንም ጠጋ ብሎ «አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ የሚታገለው ላለመጉበጥ ነው» አላለኝም። ይህን ያወቅሁት ራሴ ስደርስበት ነው። ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ታች የሚወርዱ አዛውንት ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዳገት አይፈሩም፤ ዳገት ቢበዛ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ቆም ብሎ ማረፍ ነው። የሚፈሩት ቁልቁለቱን ነው። እግራቸውን ከማሳረፋቸው በፊት መሬቱን በዓይናቸው ይመረምሩታል። ሲቀመጡ ወንበሩን አያዩትም፤ በባታቸው ነክተው መኖሩን ያረጋግጣሉ፣ ከዚያ አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፤ የመጨረሻዋን ስንዝር ግን ይለቋታል፣ ዱብ። ይህቺ «ዱብ» የዕድሜ ልክ ትምህርት ናት። አሁን ተምሬያታለሁ፤ ዱብ የምልበት መድረክ ግን የለኝም።

አንቶኒ ሆፕኪንስ በ2013 ዓ.ም. ኦስካር ሲሸለም 83 ዓመቱ ነበር፤ ያሸለመውም አእምሮው የከዳውን አዛውንት አባት ሆኖ መጫወቱ ነው። እኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ ሰውዬው ጡረታ ከወጣ 23 ዓመቱ፣ ሚናውንም ባለ ዱቄቱ ልጅ በወሰደው ነበር።

ትልቅ ተዋናይ ነበርኩ አላልኩም። ንጉሥ ሆኜ አላውቅም። ንጉሥ ባለበት ተውኔት ሁሉ ጦር ይዞ ከኋላው የሚቆም ሰው አለ፤ እኔ እሱ ነኝ። ደብዳቤ አድርሶ እጅ ነስቶ የሚወጣው መልእክተኛ፣ ፋይል የሚያገላብጠው ዳኛ፣ አራጣ አበዳሪው፣ ዕድሜዬ ገፋ ሲል ደግሞ የልጅቱ አባት። ሰው ወጋየሁ ንጋቱን ያስታውሳል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ስንቱ ሥራውን ትቶ ያዳምጥ ነበር። ደበበ እሸቱን ያስታውሳል፤ ከወጋየሁ ጋር ሃንጋሪ ሄዶ የተማረ፣ በኋላም በአሜሪካኖቹ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ፊልም ላይ የታየ። ተስፋዬ ገሠሠን፣ አባተ መኩሪያን፣ ፍቃዱ ተክለማርያምን ያስታውሳል። ሲያንሳቸው ነው። የኔ እሮሮ ከእነሱ ጋር አይደለም።

ነገር ግን ጦር ይዞ መቆም ቀላል የሚመስለው ሰው ይምጣና ይቁም። ንጉሡ ያንን ረጅም ንግግር ሲናገር ጠባቂው ምን ይሥራ? ከተቁነጠነጠ የተመልካቹ ዓይን ወደ እሱ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ንጉሡ መጋረጃ ሲዘጋ የሚያወርድበትን ስድብ እሱ ይወቅ። ድንጋይ ከሆነ ደግሞ መድረኩ ይሞታል። ስለዚህ ያዳምጣል። ባለፈው እሁድ የሰማውን፣ ካቻምናም የሰማውን፣ ተኝቶ ቢቀሰቅሱት የሚወጣውን ንግግር ዛሬ ገና እንደሰማ ሆኖ ያዳምጣል። በሬዲዮ ደግሞ ጠላትህ ወረቀት ነው። ገጹ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው ጥጉን በሁለት ጣት ይዘህ ትጠብቃለህ፤ አብሮህ የሚጫወተው ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ በእሱ ጩኸት ውስጥ ደብቀህ ትገልጠዋለህ። ይህን ሁሉ ጨርሰህ ስትወጣ ሰው ምን ይልሃል? «ድምፅህ እኮ ተፈጥሮ ነው!» ተፈጥሮ ቢሆንማ የአባቴ ወንድሞች ሁሉ ተዋናይ በሆኑ።

ይህ ተፈጥሮ የተባለ ድምፄ ያተረፈልኝ የቀብር ሥራ ነው። በሰፈሩ ሰው በሞተ ቁጥር የሕይወት ታሪክ አንባቢ እኔ ነኝ። ትችላለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ጸሎቱ አልቆ፣ ሕዝቡ ቆሞ እያለ፣ ዓይኑ የቀላ የዘመድ ልጅ ከሰው መሃል ይመጣና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት እጄ ላይ ያስቀምጣል። የእጅ ጽሑፍ ነው። ሌሊቱን ተራ በተራ እየተቀባበሉ ጽፈውታል፤ ቀለሙ እንኳን አንድ አይደለም። መነጽሬን ስፈልግ ካህናቱ ያዩኛል። «ከአባታቸው ከአቶ…» ብዬ እጀምራለሁ፤ ተሰማ ይሁኑ ተሾመ እግዜር ይወቀው። መሃሉ ቀላል ነው፤ ደግ ነበሩ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ፣ ማን ይሟገታል። መከራው ያለው መጨረሻ ላይ፣ የስንት ልጆች አባት እንደነበሩ በሚነገርበት ላይ ነው። አንዴ ወረቀቱ ስድስት ይላል፣ እኔም ስድስት ብዬ አነበብኩ። ከኋላ «ሰባት!» የሚል የሴት ድምፅ መጣ። ሰባተኛውን ልጅ ባለቤታቸው አያውቁትም ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የዚያ ቤት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ልጁን የወለድኩት እኔ ይመስል።

ከቀብር ቀጥሎ ሽምግልና አለ። በድራማ ስንት ልጃገረድ ስለዳርኩ፣ ለጋብቻ የደረሰ ጎረምሳ ሁሉ «ጋሼ፣ እርስዎ ከሄዱማ እምቢ አይሉም» እያለ ይመጣል። እሺ ብዬ ነጭ ለብሼ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እሄዳለሁ። ገና «ቤቶች» ከማለታችን የልጅቱ ታናሽ ብቅ ትልና እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ ውስጥ ትሮጣለች። ቁም ነገሩን ስጀምር፣ የልጅቱ አባት እንደ ወጉ ፊታቸውን አኮስትረው «እስቲ እንጠያየቅ» ማለት ሲገባቸው፣ ፈገግ ብለው «ይህቺንማ ያን ድራማ ላይ ብለዋታል» ይሉኛል። አንዷ ደግሞ ከጓዳ በስልክ ትቀርጸኛለች። ምን አለፋችሁ፣ የምሬን ስሸመግል ተውኔት ነው ይሉኛል፤ ቴአትር ቤቱ ደግሞ ሽማግሌ አያስፈልገኝም ብሎኛል።

እንግዲህ ታዋቂነት ማለት ይህ ነው፤ ደመወዝ የሌለው፣ ጡረታም የማይወጡበት ሁለተኛ ሥራ። ታክሲ ስገባ «እንዴ፣ አርቲስት ሆኖ በታክሲ?» የሚል ሹክሹክታ ከኋላ ወንበር ይመጣል፤ ሐዘን ያለበት፣ ግን ደስ ያላቸውም የሚመስል ድምፅ ነው። በእግሬ ስሄድ «መኪናህን የት አቆምካት?» ይሉኛል። ገበያ ላይ ዋጋ ስከራከር «አንተ ደግሞ! የድራማው ገንዘብ የት ሄዶ ነው?» ትለኛለች ቲማቲም ሻጯ። ገንዘቡ የት እንደሄደ እኔም ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር። አንዱ ልጅ ደግሞ ሳያስፈቅደኝ ትከሻዬን አቅፎ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ «ያቺን ሳቅህን ሳቃት» ይለኛል። ሦስት አራት ጊዜ ካሳቀኝ በኋላ ፎቶውን እያየ «ይቅርታ፣ ስምህ ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቀኛል። ከሁሉ የሚብሰው ግን «አለህ እንዴ? ሞተ ብለው አልነበር?» የሚለው ነው። ቲክቶክ ላይ አንዱ ገድሎኝ፣ ሻማ አብርቶልኝ፣ ዋሽንት ከበስተጀርባ አሰምቶልኛል። በሕይወት መኖሬን ሳስረዳ የሚያዝን ሰው አይቻለሁ፤ ለካ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎ ነበር።

ድሮ አራዳ እንዲህ አልነበረም ብል «የሽማግሌ ወሬ» ትሉኛላችሁ። በሉ፣ ማን ይከለክላችኋል። የአራዳ ልጅ ሰው አይቶ አይንሰፈሰፍም። ቶሞካ ገብተህ እንደ ሁሉም ሰው ቆመህ ቡናህን ስትጠጣ፣ ከጎንህ ያለው ሰው ትናንት መድረክ ላይ አይቶህ እንደሆነ የምታውቀው ስኳሩን ገፋ ሲያደርግልህ ነው። ከዚያ ያለፈው ፋራነት ነው። ማህሙድ ሙዚቃ ቤት ደጃፍ ተቀጣጥሮ የሚቆመው ሁሉ የራሱን ሰው ነበር የሚጠብቀው፤ አንተ ላይ አያፈጥም ነበር። ዶሮ ማነቂያ ሥጋ ልትበላ ስትገባ የሥጋ ቤቱ ባለቤት የሚያስታውስህ በተጫወትከው አሽከር አልነበረም፤ በዱቤህ ነው። ደስ የሚል ነገር ነበር። ሰው በዱቤው ሲታወቅ ሰው ነው።

ያ ሁሉ ሰው ዛሬ የለም። በ2016 ዓ.ም. የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ለኮሪደር ልማቱ ፈረሰ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል፣ ማታ ስወጣ እግሬ አይደናቀፍም፤ ይህን አልክድም። ግን የሚያውቀኝ ሰው በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነና በቴሌቪዥን ያየኝ ሰው ብቻ ቀረ። ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት አንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ባልቴት ከቤቷ የሚያስወጣ አከራይ ሆኜ ተጫውቼ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ረገመኝ። ጉሊት የሚቸረችሩት እማማ ሽንኩርት አልሸጥልህም ብለው አባረሩኝ፤ «ያቺን ምስኪን መልስና ና» አሉ። በኋላ የሳቸው ቤት ሲፈርስ ዕቃ ላግዛቸው ሄድኩ። ምጣዱን አሸከሙኝ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «ይኸው፣ አንተው ጀመርከው» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። አሁን ከከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸው ስለማያወርዳቸው ሰው በሚመጣ ቁጥር ሰላምታ ይልኩልኛል። የሰላምታው ቃል ዛሬም «ለዚያ ለክፉው አከራይ» ነው።

ለቴሌቪዥን ሥራ አልፎ አልፎ ይጠሩኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። የፕሮዳክሽኑ ልጅ ይደውልና «ጋሼ፣ አንድ ቆንጆ ካራክተር አለችን» ይለኛል። ምንድን ናት? «አባት።» ስሙስ? ስም የለውም፤ «አባት» ነው፣ በቃ። ስክሪፕቱ በቴሌግራም እኩለ ሌሊት ላይ ይደርሰኛል፤ ቀረጻው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። «ልብስ ከራስዎ ነው፤ ጥቁር ሱፍ ካለዎት» ይላል። አንድ አለኝ። ያ ሱፍ ዳኛ ሆኗል፣ ሚኒስትር ሆኗል፣ ልጁን የካደ ነጋዴ ሆኗል፣ ቀብር ላይም እሱ ነው የሚቆመው። ከኔ ይልቅ የሥራ ልምድ ማስረጃ የሚገባው ለሱ ነው። ተመልካች ሳይቀር ከፊቴ በፊት ሱፉን ያውቀዋል።

ከ12 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ወንበር ላይ ነን። መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተር ይፈለጋል፣ የጎረቤት ውሻ ይጮሃል፣ ወዲያ ማዶ ፎቅ የሚሠሩት ብረት ይቆርጣሉ። ዋናዋ ተዋናይት ልጅ ናት፤ የተከታዮቿን ብዛት ሲነግሩኝ ደንግጫለሁ። ጥሩ ልጅ ናት፣ ሻይ ራሷ አምጥታልኛለች። ችሎታም አላት። አንድ ትዕይንት ላይ ተቆጥቼ ስናገራት እውነት ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ አዘጋጁ ግን ያን ጊዜ ካሜራውን የቀሰረው የቤቱ መጋረጃ ላይ ነበር። ልምምድ የሚባል ነገር የለም። በኛ ጊዜ አንድ ተውኔት መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ወራት እንለማመድ ነበር፤ ዛሬ ቃሉን ከስልክ ላይ አንብበህ «አክሽን» ነው። ማታ ሲያልቅ ግማሹ ክፍያ ይሰጥሃል። ቀሪው? «ጋሼ፣ ሲሸጥ!» ላም አለኝ በሰማይ። ከዚያ በኋላ ስልክ የሚያነሳልህ የለም፤ ልጁ እንኳን የሚያነሳው ሌላ «አባት» ሲፈልግ ነው።

ነጻ ግብዣውስ? ምረቃ ላይ ተገኝልን፣ ግጥም አንብብልን፣ «ለሙያው ፍቅር» መድረክ ምራልን። መጨረሻ ላይ የምስጋና ወረቀት ይሰጡኛል፤ በፍሬም። ግድግዳዬ ሞልቶ አሁን አልጋ ሥር እደረድራቸዋለሁ። የቤት ኪራይ በወረቀቱ ቢከፈልልኝ ኖሮ እስከ ልጅ ልጄ በበቃኝ ነበር። ዘመድ ደግሞ ለአንድ የራት ግብዣ የሚያወጣው ገንዘብ መንፈቅ ቴአትር ያሳየዋል፤ ሆኖም «ሁለት ትኬት አታገባልኝም?» ብሎ ይደውልልኛል። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ይደውላል። እኔ ራሴ ከፍዬ የምገባ መሆኔን ስነግረው አያምነኝም።

ድሮ ክብር ነበረ ብዬ ግን አልዋሽም። የአማርኛ ተውኔት የተጀመረው በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው መጥተው በጻፉት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በአውሬ ተመስሎ የተተቸው ባለሥልጣን ዝም አላለም፤ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ሲኒማም ወደ ከተማችን ሲገባ ሕዝቡ ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ ሲመሠረት፣ ሥራው ሕዝቡን ለነጻነቱ መቀስቀስ ነበር፤ ያም ሆኖ እዚያ የሚሠራ ሰው ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው «አዝማሪ» የሚል ስድብ ነበር። ሴት ልጁን ለመድረክ የሚሰጥ ወላጅ ጠፍቶ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ተጫውተዋል። በ1948 ዓ.ም. ታላቁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት እንኳ ስድቡ ጋብ አለ እንጂ አልቀረም። ስለዚህ የዛሬውን ሰው አላማውም፤ ቢያንስ አይሰድበንም፣ ይቀርጸናል።

መቅረጹስ ባልከፋ፣ ስልኩ አዳራሽ ውስጥ ባይገባ። መድረክ ላይ እናት በልጇ ሬሳ ላይ ታለቅሳለች፤ ከአምስተኛው ረድፍ ስልክ ይዘፍናል። ባለ ስልኩ ይዘጋዋል ብላችሁ ስትጠብቁ ያነሳዋል። «ቴአትር ቤት ነኝ! ቴ-አ-ት-ር! አዎ፣ አንዷ እያለቀሰች ነው!» አልቃሿ ልጅ ያን ቀን እንዴት ሳቋን ዋጥ አድርጋ እንደጨረሰች እኔ ነኝ የማውቀው፤ ከሬሳው አጠገብ ጦር ይዤ ቆሜ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ፍቃዱ ተክለማርያም በኩላሊት ሕመም ሲያልፍ አገር አለቀሰ። በለቅሶ የሚወዳደረን የለም። ተዋናይ ሲታመም ባንክ ሒሳብ ቁጥሩ በየስልኩ ይዞራል፣ ሲሞት አደባባዩ ይሞላል፣ ያ የለቅሶ ሕዝብ ግን ሰውዬው ቆሞ ሲጫወት አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። እኔ ስሞት እንዲያለቅስልኝ የምለምነው ሰው የለም፤ የሕይወት ታሪኬንም ማንም ያንብበው፣ ልጆቼን ብቻ በትክክል ይቁጠር። የምለምናችሁ ሌላ ነው። በዚህ ሳምንት መጨረሻ የትኛውም ቴአትር ቤት ሂዱ፤ ትኬት ከመስኮቱ በገንዘባችሁ ግዙ፣ በሰዓቱ ግቡ፣ ስልካችሁን ዝጉ። የቴአትር ቤት ኃላፊዎች ደግሞ ለሽማግሌ ሚና ሽማግሌ ጥሩ፤ በትዕይንት ቢከፈለንም እንመጣለን፣ ዱቄቱም ይተርፋችኋል። እኔን ፒያሳ ላይ ያገኛችሁኝ እንደሆነ ሰላም ብላችሁ እለፉ። ስኳር ገፋ ማድረግ ይፈቀዳል።